ገዳይ ወይስ ለቅሶ ደራሽ? የበሽታ መከላከያ ሥርዓትና የመልቲፕል ስክለሮሲስ መንስኤ ፍለጋ ታሪክ

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም የሚመጣው የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን ስለሚያጠቃ ነው ይባላል። የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡታል፤ ተማሪውም አጥንቶ በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሰዋል። የሕክምናን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ግዴታው ነው፦ ይህን በምን ዐወቅን? ዐረፍተ ነገሩ ከመጽሐፉ ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ ተጠራጠሩት፣ ስንት ጊዜስ ተሳሳቱበት?

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው ልማድ ላስረዳ። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሰው የሞተበት ቤት ቢደርስ በድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ያያል። «ሟቹን የገደሉት እነዚህ ናቸው» ቢል ይሳሳታል፤ የመጡት ለቅሶ ሊደርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ከተቀመጡት መካከል ገዳዩ የለም ብሎ መማልም አይቻልም። በመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን አንጎል ውስጥ፣ ጉዳቱ በደረሰበት ሥፍራ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ ሕዋሳት ተሰብስበው ይገኛሉ። ገዳዮች ናቸው ወይስ ለቅሶ ደራሾች? የዚህ በሽታ የመንስኤ ፍለጋ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

አንድ ነገር በሥፍራው መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛ አያደርገውም። ጥፋተኛ ለማለት ሦስት ፈተናዎችን ማለፍ አለበት። አንደኛ፣ ያ ነገር ጤነኛ አካል ውስጥ ሲገባ በሽታው ይመጣልን? ሁለተኛ፣ ሲወገድ በሽታው ይቆማልን? ሦስተኛ፣ ከጉዳቱ ቀድሞ የመጣ ነውን ወይስ ተከትሎ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ታሪኩን እንከተል።

በመጀመሪያ በሽታውን እንተዋወቅ። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱት የነርቭ ክሮች ማየሊን በተባለ ቅባታማ ልባስ የተጠቀለሉ ናቸው። ልባሱ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው አንድ ሰሞን ዐይኑ ይጋረድበታል፤ ሌላ ሰሞን እግሩ ይደነዝዛል፤ ደግሞ ሻል ይለዋል፤ ከዚያ ያገረሽበታል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው የዕድሜ ክልል ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ።

በ1830ዎቹ ስኮትላንዳዊው ሮበርት ካርስዌልና ፈረንሳዊው ዣን ክሩቬልዬ በሟቾች ኅብለ ሰረሰር ላይ ያዩዋቸውን እንግዳ ጠባሳዎች በሥዕል አስቀርተው ነበር። ጠባሳውን ከሕያው ሕመምተኛ ምልክቶች ጋር አገናኝቶ ራሱን የቻለ በሽታ ያደረገው ግን በፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ያስተምር የነበረው ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ሻርኮ በ1868 በሰጣቸው ትምህርቶች የዐይን መርገብገብን፣ ሕመምተኛው አንድ ነገር ለመያዝ ሲዘረጋ የሚመጣውን የእጅ መንቀጥቀጥና የተቆራረጠ አነጋገርን የበሽታው መለያ አድርጎ አቀረበ። ስለ መንስኤው ሲጠየቅ ግን የነበረው መልስ ጥቂት ነበር። እርጥበት ያለበት ብርድን፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ ኀዘንን ጠቅሷል። የነርቭ ክሮቹን ደግፈው የሚይዙት ሕዋሳት ያለ ቅጥ መብዛታቸው የጉዳቱ መነሻ ነው ብሎም ያምን ነበር። በሻርኮ አስተያየት ደሙም ሆነ በደሙ ውስጥ የሚዘዋወሩት ሕዋሳት በጉዳዩ ድርሻ አልነበራቸውም።

ሻርኮ ከማስተማሩ አምስት ዓመት በፊት ግን፣ በ1863፣ ኤድዋርድ ሪንድፍላይሽ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ደዌ ሊቅ በአጉሊ መነጽር አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። በእያንዳንዱ ጠባሳ መካከል አንድ የደም ሥር ይታያል፤ ያም የደም ሥር የተቆጣና የሰፋ ነው። ሪንድፍላይሽ ከዚህ ተነሥቶ የበሽታው ሥር ሐኪሞች ብግነት በሚሉት የደም ሥር መቆጣት ላይ ነው አለ። የሻርኮ ደቀ መዝሙር የነበረው ፒየር ማሪም በ1884 በሽታው ተላላፊ በሽታዎችን ተከትሎ እንደሚመጣ ጻፈ። ያ ዘመን የጀርሞች ዘመን ነበር። ፓስተርና ኮኽ በየጊዜው አንድ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ባገኙበት ወቅት የመልቲፕል ስክለሮሲስም ተሕዋስ እንደሚገኝ መጠበቁ የሚያስደንቅ አልነበረም። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ በአንድ በኩል ከውጭ የመጣ ጀርም፣ በሌላ በኩል ከነርቩ ከራሱ የመነጨ ብልሽት። የገዛ ጠባቂያችን ሊሆን ይችላል ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ፍንጩ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1885 ሉዊ ፓስተር ዮሴፍ ማይስተር ለተባለ ውሻ የነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስጠት ጀመረ። ክትባቱ የተዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር ሲሆን፣ ኅብለ ሰረሰሩ የቫይረሱ ኃይል እንዲደክም በአየር የደረቀ ነበር። ልጁ ዳነ፤ ክትባቱም በዓለም ተስፋፋ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከተለያዩ አገሮች አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማ ጀመር። ከተከተቡት ጥቂቶቹ፣ መርፌው ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ፣ እግራቸው ይያዛል፤ ሽንት ይከለክላቸዋል፤ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሱን ቫይረሱን ነበር። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በኬሚካል በተገደለባቸው ክትባቶችም አደጋው አልቀረም። የሟቾቹ አንጎል ሲመረመር የተገኘው በደም ሥሮች ዙሪያ የተሰበሰቡ ነጭ የደም ሕዋሳትና የተላጠ ማየሊን ነው። ጥፋቱ ከቫይረሱ ካልሆነ፣ በመርፌው ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር የእንስሳ የነርቭ ሥጋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ይህ ታሪክ ከኛ የራቀ አይደለምና። በልጅነቴ ውሻ የነከሰው ልጅ በየቀኑ እየተመላለሰ በእምብርቱ ዙሪያ ሲወጋ አይተናል። የመርፌው ቁጥር ከንክሻው ይልቅ ያስፈራን ነበር። ያ ክትባት በጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፌርሚ ስም የሚጠራው፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ ከነርቭ ሥጋ የሚሠሩ ክትባቶች እንዲቀሩ ሲመክር ቢቆይም፣ አዲሱ ክትባት ውድ በመሆኑ አሮጌው በአገራችን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲመረትና ሲሰጥ ኖሯል። ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ያ ክትባትም ሌላ አማራጭ ላልነበረው ሕዝብ ከሞት መከለያ ነበር። ልል የፈለግሁት የመልቲፕል ስክለሮሲስ የሳይንስ ታሪክ ከፓሪስና ከኒውዮርክ ቤተ ሙከራዎች ብቻ የተቀዳ አለመሆኑን ነው። በ1987 በታይላንድ የተደረገ ጥናት እንዲህ ባለ ክትባት ምክንያት ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ የማየሊን ዋና ፕሮቲኖች ከሆኑት በአንዱ ላይ የተነሡ ፀረ እንግዳ አካላትን በደማቸው እንደተሸከሙ አሳይቷል። በሰው ላይ ከተገኙት ቀጥተኛ ማስረጃዎች አንዱን ያበረከቱት በድሀ አገር በውሻ የተነከሱ ሰዎች ናቸው።

ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንመለስ። ፍንጩ በግልጽ ቢታይም አንድ ታላቅ ስም መንገዱን ዘግቶት ነበር። ጳውል ኤርሊኽ ፍየሎችን በሌሎች ፍየሎች ደም ወግቶ ፀረ እንግዳ አካላት ሲያወጡ አየ፤ በገዛ ራሳቸው ደም ላይ ግን ምንም አላወጡም። ከዚህ ተነሥቶ ሰውነት ራሱን መመረዝን አጥብቆ ይጸየፋል ሲል ደነገገ። ኤርሊኽ ራሱ ነገሩን በጥንቃቄ ነበር ያቀረበው፤ ሰውነት በራሱ ላይ የሚነሣውን ኃይል የሚገታበት መንገድ አለው ማለቱ ነበር። ተከታዮቹ ግን ቃሉን ወደ ክልከላ ለወጡት፤ «ሊሆን አይችልም» ሆነ። ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ራስን ማጥቃት የሚል ማብራሪያ ያቀረበ ተመራማሪ ማስረጃው ከመታየቱ በፊት ሐሳቡ ይጣልበት ነበር። ተማሪዎቼ ይህን እንዲያስተውሉት እወዳለሁ። ኤርሊኽ በፍየሎቹ ያየው እውነት ነበር፤ ያሳሳተው ከአንድ ሙከራ የወጣ ውጤት ለሁሉም የሚሠራ ሕግ መደረጉ ነው።

የመጀመሪያውን ፈተና፣ አስገብቶ ማየትን፣ በሥርዓት ያካሄደው በኒውዮርክ የሮክፌለር ኢንስቲትዩት የቫይረስ ሊቅ ቶማስ ሪቨርስ ነው። ሪቨርስ ጥያቄውን ያነሣው ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ ብሎ አልነበረም፤ የክትባቱ አደጋ ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ነው። በ1933 እና በ1935 ባሳተማቸው ሥራዎች እሱና ባልደረቦቹ ቫይረስ የሌለበትን የጤነኛ ጥንቸል አንጎል ለወራት ደጋግመው ጦጣዎችን ወጉ። ጦጣዎቹ መራመድ ተሳናቸው፤ አንጎላቸው ሲመረመርም በደም ሥሮች ዙሪያ ብግነትና የማየሊን መላጥ ተገኘ። ጀርም ሳይኖር፣ መርዝ ሳይኖር፣ የነርቭ ሥጋ ብቻውን በሽታ አመጣ።

የሙከራው እንከን ርዝመቱ ነበር፤ ብዙ መርፌና ብዙ ወር ይጠይቃል። ጁልስ ፍሮይንድ የተባለ ሃንጋሪ የተወለደ ተመራማሪ በዘይትና በተገደሉ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያዎች የመከላከያ ሥርዓትን የሚቀሰቅስ ውሁድ ካዘጋጀ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1947 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤልቪን ካባትና ባልደረቦቹ በዚህ ውሁድ ተጠቅመው በጥቂት መርፌ በሽታውን በሳምንታት ውስጥ አመጡ። ከዚያም የኤርሊኽን ሕግ በቀጥታ የሚነካ ሙከራ አደረጉ። የአንዲትን ጦጣ አንጎል ከፊል በቀዶ ሕክምና አውጥተው ያንኑ ከውሁዱ ጋር ደባልቀው መልሰው ወጓት፤ በገዛ አንጎሏ ታመመች። እዚህ ላይ ባዕድ የሚባል ሥጋ አልነበረም።

ቀጣዩ ጥያቄ ከመከላከያ ሥርዓቱ ውስጥ የትኛው ክፍል ነው ጥፋተኛው የሚለው ነበር። በ1960 ፊሊፕ ፓተርሰን የታመሙ አይጦችን የሊምፍ ዕጢ ሕዋሳት ወደ ጤነኛ አይጦች ሲያዛውር በሽታው አብሮ ተዛወረ። በ1960ዎቹ የታይመስ ዕጢ ሥራ ታወቀ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳትም ቲ እና ቢ ተብለው በሁለት ተከፈሉ። በ1981 በእስራኤል ዋይዝማን ኢንስቲትዩት አብርሃም ቤን-ኑን፣ ሃርትሙት ቬከርለና ኢሩን ኮኸን የማየሊንን ፕሮቲን ብቻ ለይተው የሚያውቁ ቲ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አራብተው በጤነኛ አይጦች የደም ሥር ውስጥ አስገቡ። አይጦቹ ሽባ ሆኑ። የመጀመሪያው ፈተና በዚህ ታለፈ፤ ሕዋሳቱ ብቻቸውን፣ ያለ ሌላ ረዳት፣ በሽታውን አምጥተዋልና።

ግን የማን በሽታ? ያመጡት የአይጥን በሽታ ነው። ይህ የእንስሳት ሕመም መልቲፕል ስክለሮሲስን ይመስላል እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። እንስሳው የታመመው ሰው ሆን ብሎ ስለቀሰቀሰው ነው፤ ሕመምተኛውን ግን ማንም በአንጎል አልወጋውም። ከዚህም በላይ ማየሊንን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ኋላ ላይ በጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥም ተገኙ። ጠባቂው መሣሪያ መያዙ ብቻ ወንጀል አይደለም ማለት ነው።

በሰው በኩል የተገኙት ማስረጃዎች ለረጅም ጊዜ የሥፍራ ማስረጃዎች ነበሩ። ካባት በ1942 በሕሙማኑ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን የተባለው ፀረ እንግዳ አካላትን የሚይዘው የፕሮቲን ክፍል በዝቶ አገኘ። ይህ ግኝት በተሻሻለ መልኩ እስከ ዛሬ ለምርመራ ያገለግላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በሽታው ሕዋሳት ለመከላከያ ሥርዓቱ ራሳቸውን ከሚያሳውቁባቸው ዘረመሎች ጋር እንደሚዛመድ አሳዩ። በ1986 በካናዳ በመንትዮች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በአንድ ዕንቁላል መንትዮች አንዱ ሲታመም ሁለተኛው የመታመም ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ፣ በሁለት ዕንቁላል መንትዮች ግን 2 በመቶ ገደማ መሆኑን አመለከተ። ቁጥሩን ከሁለቱም ወገን አንብቡት። ዘር ከባድ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ፍጹም አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች አብዛኞቹ አብረው አይታመሙም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ሌላ ነገር ሊኖር ግድ ነው።

ወሳኙ የሰው ማስረጃ የመጣው ከስሕተት ነው። በ1980ዎቹ ብዙዎች በሽታው የቫይረስ ነው ብለው ያስቡ ነበርና፣ ቫይረስን የሚዋጋውን የሰውነት ኃይል ማበርታት ትክክለኛ ሕክምና መሰላቸው። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው፣ የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃ ፕሮቲን፣ ለ18 ሕሙማን ለአንድ ወር ተሰጠ። በ1987 ውጤቱ ሲታተም ከ18ቱ 7ቱ በሕክምናው ጊዜ በሽታው አገርሽቶባቸው ነበር። ሙከራው ተቋረጠ። ማንም ተመራማሪ ሰውን ለማሳመም ብሎ የመከላከያ ሥርዓቱን አያነሣሣም፤ የሞያ ሥነ ምግባር ይከለክለዋል። ሆኖም በቅን ልቦና የተደረገ ሕክምና ያንኑ ፈተና ሳይታሰብ ፈጸመው፤ ጠባቂው ሲነቃ በሽታው አብሮ ነቃ። በዚህ ዕውቀት የምንጠቀም ሁላችን የእነዚያ ሰባት ሰዎች ባለዕዳዎች ነን።

ሁለተኛው ፈተና፣ አስወግዶ ማየት፣ ከዚህ በኋላ ያለው የሕክምና ታሪክ ነው። በ1993 ኢንተርፌሮን ቤታ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው የበሽታውን አካሄድ የሚለውጥ መድኃኒት ሆነ። በኅዳር 2004 የተፈቀደው ናታሊዙማብ ነጭ ሕዋሳት ከደም ሥር ወደ አንጎል እንዳያልፉ በሩን ይዘጋል፤ በሽታው የሚያገረሽበትንም ጊዜ በእጅጉ ይቀንሳል። የመድኃኒቱ ስኬት ራሱ ማስረጃ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ጉዳቱ ከቀነሰ በበሩ የሚገቡት ለቅሶ ደራሾች ብቻ አልነበሩም። ከሦስት ወራት በኋላ ግን፣ በየካቲት 2005፣ መድኃኒቱ ከገበያ ተነሣ። ጥበቃው በተነሣበት አንጎል ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሌላ ቫይረስ ተነሥቶ ሕሙማንን ገድሏልና። በ2006 በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ተመለሰ። ይህ የሚያስተምረን የምንከሰው አካል የምንኖርበትም አካል መሆኑን ነው።

ታሪኩ ቀጥ ብሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ ሁለት እንቅፋቶችን ልጥቀስ። ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት ፕሮቲን ማገድ የእንስሳቱን ሕመም ያሽለው ነበር። በ1999 የታተመው የሰው ሙከራ ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ሕሙማኑ ባሰባቸው። የእንስሳው ምሳሌ ወሰን እዚያ ላይ ታየ። ሁለተኛው እንቅፋት ተመራማሪዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ዐይናቸውን በቲ ሕዋሳት ላይ ብቻ ማሳረፋቸው ነው፤ አይጦቹ እንዲህ ብለዋቸው ነበርና። በ2008 ስቲቨን ሃውዘርና ባልደረቦቹ ቢ ሕዋሳትን የሚያስወግደውን ሪቱክሲማብ በ104 ሕሙማን ላይ የሞከሩበትን ጥናት ሲያወጡ፣ በኤምአርአይ የሚታዩት አዳዲስ የብግነት ምልክቶች መድኃኒት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በ91 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በጎን የተቀመጠው ተጠርጣሪ ከዋናዎቹ አንዱ ሆነ። ከዚህም በኋላ ሁለተኛው ፈተና ታልፏል ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ የቅደም ተከተል ፈተና፣ ከሁሉም የከበደው ነው። በ2004 በአውስትራሊያ ማይክል ባርኔትና ጆን ፕሪኒያስ የሕሙማንን አንጎል ሲመረምሩ አዲስ ጉዳት ከደረሰባት ብዙም ሳይቆይ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ሕይወቷ ያለፈች የ14 ዓመት ልጅ አንጎል አጋጠማቸው። በዚያ ትኩስ ጉዳት ውስጥ ማየሊን ሠሪዎቹ ሕዋሳት መሞት ጀምረው ነበር፤ ሊምፎሳይቶች ግን ገና አልተሰበሰቡም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት የመጀመሪያው ብልሽት ከነርቩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ የመከላከያ ሥርዓቱም ጩኸት ሰምቶ የመጣ ነው ይላሉ። ዛሬ ያሉን መድኃኒቶች ማገርሸትን በሚገታ ኃይል ቀስ በቀስ የሚመጣውን የአካል መድከም አለመግታታቸውም ይህን ጥርጣሬ ሕያው አድርጎታል።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ የፒየር ማሪ አሮጌ ጥርጣሬ ተመልሷል። በጥር 2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የአሜሪካ ጦር አባላት የደም ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት አወጡ። ናሙናቸው ከተመረመረው 801 ሕሙማን ከአንዱ በቀር ሁሉም በሽታው ከመጀመሩ በፊት ኤፕስታይን-ባር በተባለው ቫይረስ ተይዘው ነበር። በቫይረሱ መያዝ የበሽታውን ዕድል 32 ጊዜ ከፍ አድርጎታል። ልብ በሉ፤ ይህ ቫይረስ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ የሚኖረው በእነዚያው በቢ ሕዋሳት ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት አንዳንድ ሕሙማን በቫይረሱ ፕሮቲን ላይ ያወጡት ፀረ እንግዳ አካል በአንጎል ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱን ሳይለይ እንደሚይዝ አሳይቷል። ጠባቂው ወንጀለኛውን ሲያሳድድ መልኩ የሚመስለውን የቤቱን ልጅ መታ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዐዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን ተሸክመው ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም አይታመሙም። ቫይረሱ ሳይኖር በሽታው የሚመጣ አይመስልም፤ ቫይረሱ ብቻውን ግን በሽታውን አያመጣም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? በእኔ ንባብ የመከላከያ ሥርዓቱ ማየሊኑን በእጁ ያጠፋ ነው፤ ሁለቱን ፈተናዎች አልፏልና። የነገሩ መነሻ ግን እሱ ብቻ ነው ለማለት ሦስተኛው ፈተና አልፈቀደልንም። «መልቲፕል ስክለሮሲስ የመከላከያ ሥርዓት በሽታ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ይነግረናል፤ ለምን እንደሚጀምር ግን ገና አይነግረንም። ሁለቱን ጥያቄዎች የቀላቀለ ሰው ኤርሊኽን በተከተሉት ሰዎች ጥፋት ይወድቃል፤ እነሱ ከአንድ ሙከራ «አይቻልም» እንዳሉ ሁሉ እሱም ከአንድ መድኃኒት ስኬት «አለቀ» ይላል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ አሳይቼ ልደምድም። የዐይንን ነርቭና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ፣ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባል ሕመም አለ። ለመቶ ዓመት ያህል ብዙዎች የመልቲፕል ስክለሮሲስ አንድ ዓይነት አድርገው ቆጥረውት ነበር። በ2004 የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዋ ቫንዳ ሌኖንና ባልደረቦቿ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፤ በቀጣዩ ዓመትም ዒላማው አኳፖሪን-4 የተባለ የውሃ መተላለፊያ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ በሽታዎች ተለያዩ። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡት ኢንተርፌሮን ቤታና ናታሊዙማብ ይህን በሽታ ሊያብሱት እንደሚችሉም ተረጋገጠ። ይህ ሕመም ደግሞ በአፍሪካና በእስያ ተወላጆች ዘንድ ያለው ድርሻ ከአውሮፓውያን ይበልጣል። አንዲት ወጣት ሴት ዐይኗ ተጋርዶ፣ እግሯ ከድቷት ወደ ሆስፒታሎቻችን ብትመጣ «የመከላከያ ሥርዓት ችግር ነው» ማለት እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። የትኛው ሕዋስ፣ በየትኛው ዒላማ ላይ፣ ከምን በኋላ ብሎ የማይጠይቅ ሐኪም በእውነተኛ ዐረፍተ ነገር የተሳሳተ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

እናንተ ተማሪዎች ነገ በምትሠሩበት ክፍል ኤምአርአይ ላይኖር፣ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሊሆን ይችላል። በሽታው በአፍሪካ የለም ሲባል የኖረው በከፊል የሚፈልገው ሰውና የሚፈለግበት መሣሪያ ስላልነበረ ነው። የሪንድፍላይሽ መሣሪያ አንድ አጉሊ መነጽር ነበር፤ የእብድ ውሻ ክትባት አደጋዎችንም ያስተዋሉት የሕመምተኞቻቸውን ታሪክ በጥንቃቄ የጻፉ ተራ ሐኪሞች ናቸው። መዝግቡ፤ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከምን በኋላ እንደመጣ፣ በምን እንደባሰ ጻፉ። ያልተመለሰው ሦስተኛው ጥያቄ የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው፤ ቅደም ተከተልን ደግሞ ከጥሩ የሕሙማን መዝገብ የሚበልጥ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁንና እርማቶቻችሁን በደስታ እቀበላለሁ።